አስተርጓሚዋ ታርማለች

ሥራ የጀመርኩት ቶሮንቶ፣ ሪጀንት ፓርክ በሚባል ሰፈር ውስጥ፣ የድሮዎቹ የመንግሥት ቤቶች ገና ሳይፈርሱ፣ በመካከላቸው በነበረች አንዲት ክሊኒክ ነው። በባለቤቴ ስፖንሰርነት ከኮምቦልቻ ከመጣሁ ሁለት ክረምት አልፎኝ ነበር። አገር ቤት እንግሊዝኛ አስተምር ስለነበር አስተርጓሚነት የሚከብደኝ አልመሰለኝም።

የመጀመሪያዋ ታካሚ ጉልበታቸውን የሚያማቸው አንዲት እናት ነበሩ። ሐኪሙ ወጣት ነው። ሴትየዋ ከእግር እስከ ራሱ አዩትና ወደ እኔ ዞረው፣ «ይሄ ልጅ ነው እንዴ የሚያክመኝ?» አሉ። እኔ ፈገግ ብዬ ዝም አልኩ።

አለቃዬ ማርጋሬት ከኋላዬ ተቀምጣ ትከታተለኝ ነበር። አማርኛ አታውቅም፤ አንድ ሰው ተናግሮ ንግግሩ ለሌላው ሳይደርስ መቅረቱን ግን ታውቃለች።

«ምን አሉ?» አለችኝ።

«ለሐኪሙ አይደለም፤ ለእኔ ነው የተናገሩት።»

«እዚህ ክፍል ውስጥ ለአንቺ ብቻ የሚነገር ነገር የለም። የተባለውን በዪ።»

እያፈርኩ ተረጎምኩት። ሐኪሙ ሳቀ፤ ስንት ዓመት እንደሠራ ነገራቸው፤ እሳቸውም ጉልበታቸውን ገልጠው አሳዩት።

ማርጋሬት በልጅነቷ ከጃማይካ የመጣች፣ ስትቆጣ እንኳ ድምፅዋን ከፍ የማታደርግ ሴት ናት። የዚያን ዕለት ስንወጣ የሥራውን ደንብ ነገረችኝ። ታካሚው «ያመኛል» ካለ «ያመኛል» እላለሁ እንጂ «ያማቸዋል» አልልም። አልጨምርም፣ አልቀንስም፣ አላለዝብም። ስለ ራሴ መናገር ግድ ከሆነብኝ «አስተርጓሚዋ» ብዬ ነው የምጀምረው፤ አለዚያ ሰሚው የማን ቃል እንደሆነ ይምታታበታል።

ከክሊኒክ ወደ ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤት ወደ ፍርድ ቤት አደግሁ። ፍርድ ቤት ለመግባት ፈተና አለው፤ በሁለተኛው ሙከራዬ አለፍኩ። በኋላ የምንሠራበት የአስተርጓሚዎች ድርጅት ኤግሊንተን ጎዳና ላይ ቢሮ ተከራይቶ የስብሰባ ትርጉም ሲጀምር ማርጋሬት ወደዚያ ወሰደችኝ። የስብሰባ ትርጉም ተናጋሪውን አይጠብቅም። እሱ እየተናገረ አንተም ትናገራለህ። ስለሚያደክም ሁለት ሆነን ነው የምንቀመጠው፤ አንዱ ሲናገር ሌላው ያዳምጣል፣ ስምና ቁጥር ይጽፍለታል፣ ከተሳሳተም ያርመዋል።

በመጨረሻዎቹ ዓመታት አብሮኝ የሚቀመጠው ዳንኤል ነበር። አዲስ አበባ ሕግ ተምሮ፣ በሙያው አመልክቶ የመጣ፣ ዌስተን የሚባል ሰፈር የሚኖር ወጣት ነው። እንደ እሱ ፈጣን ሰው አላጋጠመኝም። ተናጋሪው ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ዳንኤል ማሰሪያ አንቀጹን ያገኘዋል። እኔን «እትዬ» ይለኛል፤ በእርስዎታ ነው የሚያናግረኝ።

የአሜሪካ ምርጫ የመጣው በዚህ መሀል ነው። የእጩዎቹን ስም አልጠራም፤ የትኛው ምርጫ እንደሆነም አልናገርም። እዚህ ቶሮንቶ ካለነው መካከል ድምፅ መስጠት የሚችል አንድም ሰው አላውቅም ነበር። ጠቡ ግን ከማንም አላነሰም። ፍሌሚንግደን ፓርክ እኔ ያለሁበት ሕንጻ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ሁለት ጎረቤታሞች ልብሳቸው እስኪደርቅ በእጩ ተጨቃጭቀው ከዚያ በኋላ መነጋገር አቁመዋል። አንደኛዋ ልጇ ሜሪላንድ ናት፣ የሌላኛው ወንድም ዴንቨር ነው። ሁሉም ሰው ድንበሩ ማዶ የሚነካው ነገር አለው።

ማርጋሬት ይህን ታውቃለችና ቢሮ ውስጥ የምርጫ ወሬ ከለከለች። «ሻይ ክፍል የተናገራችሁት ማይክሮፎን ላይ ይወጣል» አለችን። ዳንኤል ግን አልቻለም። ምሳችንን ስንበላ ስልኩን አውጥቶ የአንደኛውን እጩ ንግግር ያሰማኝ ነበር። ይህ እጩ ቤተሰብ የሚገናኝበትን መንገድ እከፍታለሁ፣ የታሰሩ ስደተኞችን ጉዳይ እንደገና እንዲታይ አደርጋለሁ የሚል ነው። እውነቱን ለመናገር እኔም ከሁለቱ እሱ ቢያሸንፍ እወድ ነበር።

ኦሃዮ ውስጥ ያለ የኢትዮጵያውያን ማኅበር ሥራ የሰጠን ያን ጊዜ ነው። የሁለቱን እጩዎች ተወካዮች ጋብዘው፣ ዜግነት ያገኙ አባሎቻቸው ፊት ለፊት ሊያከራክሯቸው ነው። ብዙዎቹ አባላት ዕድሜያቸው የገፋ፣ እንግሊዝኛ የሚከብዳቸው ሠራተኞች ናቸው። እኛ ቶሮንቶ ሆነን አዳራሹን በስክሪን እያየን እንተረጉማለን፤ እነሱ በጆሮ ማዳመጫ ይሰማሉ።

ለዝግጅት ስንቀመጥ የመጀመሪያው ጭቅጭቅ በአንድ ቃል ላይ ሆነ። ክርክሩ ለእጩዎቹ ገንዘብ ስለሚሰጡ ሰዎች ስለሆነ «ዶነር» የሚለው ቃል ደጋግሞ እንደሚነሳ እናውቃለን። ታዲያ በአማርኛ ምን እንበል?

«ለጋሽ ነዋ» አለ ዳንኤል።

«ለጋሽ ካልን ሰውየውን አመሰገንነው። ቸር ሰው ማለት ነው እኮ።»

«እሺ፣ ገንዘብ አዋጪ።»

«አዋጪ ደግሞ ትርፍ የሚያመጣ ንግድ ነው።» ሁለታችንም ሳቅን። «መዋጮ» የሚለውንም ተውነው፤ የእኔ እኩያ የሆነ አድማጭ መዋጮ ሲባል በግድ የሚቆረጥበት ደመወዝ ትዝ ይለዋል።

ከዚያ ዳንኤል እንደ ቀልድ፣ «ለእነዚያኞቹ "ገንዘብ የከፈለ"፣ ለእኛው "ለጋሽ" እንበል» አለ።

«የእኛው የሚባል የለም» አልኩት። እሱ ሳቀ፣ እኔ ግን አልሳቅሁም። በመጨረሻ ለሁለቱም ወገን «ገንዘብ የሰጠ ሰው» እንድንል ተስማማን።

ቀኑ ቅዳሜ ነው፤ ከሰዓት በኋላ። ሥራውን በአቅጣጫ ተከፋፈልን። ዳንኤል ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ፣ እኔ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ። እያንዳንዳችን ፊት ማይክሮፎንና ማብሪያ ቁልፍ አለ። በመካከላችን ወረቀት።

መድረኩ ላይ የተቀመጡት የአንደኛው እጩ ተወካይ ጎልማሳ ሰውዬ ነው፤ በከተማው አስተዳደር የሠራ፣ ቀልድ የሚያውቅ። የሌላኛው፣ ማለትም ዳንኤል የሚደግፈው እጩ ተወካይ፣ ወጣት ጠበቃ ናት። ገና ከመጀመሪያው ሰውየው፣ «የእናንተን እጩ ሀብታሞች ገዝተውታል» አላት። እሷ፣ «እናንተስ በማን ገንዘብ ነው ማስታወቂያ የምታሠሩት?» አለችው። አዳራሹ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ ሲያጨበጭብ ግማሹ ያጉረመርማል። ዳንኤል ሁሉንም እኩል ይተረጉም ነበር፤ እስከዚያ ድረስ እንከን አልነበረውም።

ከዚያ የማኅበሩ ሊቀ መንበር ጥያቄ ፈቀዱ። ከኋላ ረድፍ አንድ ሽማግሌ ተነስተው ማይክሮፎኑን በግራ እጃቸው ያዙ።

«ተካ እባላለሁ» አሉ። «ሥጋ ፋብሪካ ነው የምሠራው። ሥጋው ተሰቅሎ የሚያልፍበት ሰንሰለት ፈጥኖብኝ ሁለት ጣቴን ወስዶታል። የፋብሪካው ባለቤት ለእጩሽ ገንዘብ ሰጥቷል ይባላል። እኔ የምጠይቅሽ አንድ ነገር ነው፤ የሰንሰለቱን ፍጥነት የሚገድበውን ሕግ እጩሽ ይደግፋል ወይስ አይደግፍም?»

ጥያቄውን እንዳለ ወደ እንግሊዝኛ መለስኩት። ጠበቃዋ ብርጭቆዋን አነሳች። ውሃ ጠጣች። ከዚያ እንዲህ አለች፦

«ባለቤቱ ገንዘብ መስጠቱ እውነት ነው። እጩአችን ሕጉን አይደግፍም። ቤተሰቦቻችሁን በማምጣት ጉዳይ ከጎናችሁ ነን። በዚህኛው ግን ቃል ልገባላችሁ አልችልም።»

በጆሮዬ የዳንኤል አማርኛ መጣ። «የፋብሪካው ባለቤት ለጋሽ ነው። እጩአችን ሕጉን በጥሞና እየተመለከተው ነው። ቤተሰቦቻችሁን በማምጣትም ከጎናችሁ ነን።» ማይክሮፎኑን ዘጋ።

መጀመሪያ የሰማሁት ያልተስማማንበትን «ለጋሽ» ነው። «በጥሞና» ሲል ደግሞ እርሳሴን አነሳሁ። ይህ የድካም ስሕተት አይደለም። የደከመ አስተርጓሚ ይዘላል እንጂ እንዲህ አሳምሮ አይሰፋም። ወረቀቱ ላይ «አይደግፍም ነው ያለችው» ብዬ ጽፌ ገፋሁለት። አነበበው። ወረቀቱን ገልብጦ አስቀመጠው።

አዳራሹ ያጨበጭብ ነበር። አቶ ተካ፣ «እሺ፣ ተመስገን» ብለው ሊቀመጡ ጎንበስ አሉ። ሊቀ መንበሩ ሌላ ሰው እየጠሩ ነው።

ለማሰብ ጊዜ አልነበረኝም፤ ቢሆንም አሰብኩ። ዝም ብል የሚያውቅ ሰው የለም። ሴትየዋ አማርኛ አትሰማም፣ ሽማግሌው እንግሊዝኛ አይከተሉም። ዝምታዬ የሚጠቅመውም እኔም እንዲያሸንፍ የምፈልገውን እጩ ነው። ቁልፉን ተጫንኩ።

«አስተርጓሚዋ ታርማለች» አልኩ። «የተወካይዋ መልስ በትክክል አልተተረጎመም። ያለችው ይህ ነው።» አራቱን ዓረፍተ ነገሮች አንድ በአንድ ተናገርኩ። ቀጥዬ ያረምኩትን በእንግሊዝኛ ለመድረኩ አሳወቅሁ።

አቶ ተካ እንደ ጎነበሱ ቀሩ። ጭብጨባው ቆመ። ሰው ሁሉ እርስ በርሱ መነጋገር ጀመረ፤ አንዳንዱ የጆሮ ማዳመጫውን አውልቆ ያየዋል። ጎልማሳው ተወካይ ብድግ አለ።

«ለምን ተደበቀ?» አለ። «እነዚህን አስተርጓሚዎች የቀጠራቸው ማን ነው? ዳኛ ሲገዛ አይተናል፣ አስተርጓሚ ሲገዛ ግን ዛሬ አየን።»

ወደ አማርኛ መተርጎም የዳንኤል ድርሻ ነው። ዞሬ አየሁት። የጆሮ ማዳመጫውን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጧል፤ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኗል። ስለዚህ እኔው ተረጎምኩ። ተገዝታችኋል የሚለውን ክስ በራሴ ድምፅ፣ ሳላለዝብ፣ ሦስት መቶ ያህል ለሚሆን ሰው ተናገርኩ። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ የከበደኝ ዓረፍተ ነገር የለም።

አቶ ተካ ማይክሮፎኑን መልሰው ተቀበሉ። ተወካዮቹን አላዩም። ቀና ብለው የእኔ እንግሊዝኛ የሚወጣበትን ድምፅ ማጉያ ነው ያዩት።

«እህቴ፣ አንቺ የምትተረጉሚው» አሉ። «ለማን ነው የምትሠሪው?»

ጥያቄው ለእኔ የቀረበ ቢሆንም አስቀድሜ ወደ እንግሊዝኛ መለስኩት፤ መድረኩ ላይ ያሉትም የመስማት መብት አላቸው። ከዚያ በሁለቱም ቋንቋ መልስ ሰጠሁ። «አስተርጓሚዋን የቀጠራት ማኅበሩ ነው። ከሁለቱም ዘመቻዎች ጋር ግንኙነት የላትም። ስሕተቱ የአስተርጓሚዎቹ ነው፤ ተወካይዋ የተናገረችው ከመጀመሪያውም አልተለወጠም።»

የዳንኤልን ስም አላነሳሁም። ለማን እንደሚጠቅም እንኳ አላውቅም ነበር፤ ብቻ ዓረፍተ ነገሩ ሲወጣ «አስተርጓሚዎቹ» ሆኖ ወጣ።

ጠበቃዋ ተነሳች። ፊቷ ቀልቷል። «መልሴ ያው ነው» አለች። «ቅር ካላችሁ እኔን ውቀሱኝ፤ እሷን ተዉአት።»

አቶ ተካ ወደ ጎልማሳው ዞሩ። «የእናንተስ እጩ ይደግፋል?»

ሰውየው ስለ ሥራ ዕድል፣ ስለ ነዳጅ ዋጋ ተናገረ። ሁሉንም ተረጎምኩ። አቶ ተካ ሳይቀመጡ ጠበቁት። «ሰንሰለቱን ነው የጠየቅሁህ» አሉት። በመጨረሻ የእሱም እጩ ሕጉን እንደማይደግፍ ተናገረ። ጠበቃዋ ከጎን ሆና፣ «ያው የፋብሪካ ባለቤት ለእናንተም ሰጥቷል» ስትለው አልካደም።

«እንግዲያው ስለ ጣቴ ወደ ሁለታችሁም አልመጣም» አሉ አቶ ተካ። «ለዚህ ከማኅበራችን ጋር ሌላ መንገድ እንፈልጋለን። ድምፄን የምሰጠው በሌላው ጉዳያችሁ መዝኜ ነው። ለማን እንደሆነ ግን አልነግራችሁም።» ተቀመጡ። አንዳንዶች ሳቁ፤ የሳቁት ከሁለቱም ወገን ነው።

ስብሰባው እስኪያልቅ በሁለቱም አቅጣጫ ብቻዬን ሠራሁ። ዳንኤል መቼ እንደወጣ አላየሁም።

ኮሪደሩ ላይ መስኮቱ ጋ ቆሞ አገኘሁት። ኤግሊንተን ላይ አውቶቡሶች ተከታትለው ቆመዋል፤ እነሱን ነው የሚያየው።

«እትዬ፣ እርስዎም እኮ እሱን ነው የሚፈልጉት» አለኝ ሳይዞር። «ታዲያ ለምን?»

«ሴትየዋ ያለችው ሌላ ነው።»

«ወንድሜ አሪዞና ታስሯል።»

ይህን አልሰማሁም ነበር። ታናሽ ወንድሙ በድንበር ገብቶ፣ ጥገኝነት ጠይቆ፣ ከተያዘ ወራት አልፎታል። ዳንኤል ለማንም አልነገረም። እናቱ ልጇ ኮሌጅ የገባ ነው የሚመስላት።

«ያ እጩ ካላሸነፈ ይመልሱታል» አለ። «ኦሃዮ ደግሞ በጥቂት ድምፅ ነው የሚለያዩት። አዳራሹ ውስጥ ስንት ሰው እንዳለ አዩ አይደል? ሽማግሌው አመስግኖ ይቀመጥ ነበር። ማን ይጎዳ ነበር?»

«እሱ» አልኩ። «ጣቱን ያጣው ሰውዬ። ይደግፉናል ብሎ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር።»

«የእሱ ጣት ተቆርጧል፣ አልቋል። የወንድሜ ጉዳይ ግን አላለቀም።»

እጄን ትከሻው ላይ ላደርግ ስል ሸሸኝ። ጃኬቱን ይዞ ወረደ።

ሰኞ ማርጋሬት ጠራችን፤ መጀመሪያ እኔን። ጡረታ ለመውጣት የተቃረበችበት ጊዜ ነው። ማኅበሩ ቅሬታ አቅርቧል፤ ሁለተኛ እንደማይጠሩንም ገልጸዋል። ምን እንደሆነ በቅደም ተከተል ነገርኳት።

«ለምን እንደለወጠው ታውቂያለሽ?»

«ነግሮኛል። አንቺም ከእሱ ብትሰሚው ይሻላል።»

ጠየቀችው። ነገራት። አላባረረችውም፤ ከስብሰባና ከፍርድ ቤት ሥራ አንስታ የሆስፒታል ሺፍት ብቻ ሰጠችው። ለእሱ ውርደት ነበር። እኔን ኮሪደር ላይ ሲያገኘኝ ሰላምታ መስጠት አቆመ።

የአዳራሹን ቪዲዮ ሰው ቆርጦ በስልክ አሰራጨው። አንዱ ቁራጭ ላይ የሚሰማው እርማቱ ብቻ ነው፤ ሌላው ላይ «ተገዝታችኋል» የሚለው። በእኛ ሕንጻ አሳንሰር ውስጥ አንድ የማውቀው ሾፌር፣ «እጩአችንን ያዋረድሽው አንቺ ነሽ አሉ» አለኝ። በሳምንቱ አንዲት ሴት መስጊድ በር ላይ ይዛኝ፣ «የእነሱ ተከፋይ ሆነሽ ያጭበረበርሽው ለምንድን ነው?» አለች። ሁለቱም ያዩት የአንዱን ቪዲዮ የተለያየ ቁራጭ ነው። ባለቤቴ «መልስ ስጪ እንጂ» ይለኛል። ምን ብዬ? ማን ምን እንዳለ ከተናገርኩ ዳንኤልን ማጋለጥ ነው። ያ መጸው ረጅም ነበር።

የድምፅ መስጫው ቀን ሳይደርስ የዳንኤልን ወንድም መለሱት። አንድ ጠዋት አውሮፕላን ላይ ጭነው አዲስ አበባ አወረዱት። ጉዳዩን የያዘው ዳኛ ምርጫውን አልጠበቀም። የነገረችኝ ማርጋሬት ናት፤ «እሱ አልላከኝም፣ ግን ሄደሽ ብታዪው» አለችኝ።

ዌስተን፣ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ወደሚኖርበት ሕንጻ ሄድኩ። ምስር ሠርቼ ይዤ ነበር። በሩን ከፍቶ ትንሽ አየኝና ገለል አለልኝ። ሶፋው ላይ ለወንድሙ የገዛው የክረምት ጃኬት ነበር፤ ዋጋው የተጻፈበት ወረቀት አልተነሳለትም።

«እማዬ አሁን አወቀች» አለ። «ልጄ መጣልኝ ብላ ደስ ብሏታል። እኔ ነኝ የማለቅሰው።»

በላን። ስነሳ እሱ ጀመረው።

«ያን ቀን የለወጥኩት ነገር ወንድሜን አንድ ቀን አላቆየልኝም።»

«አዎ።»

«ቢሆንም ትክክል ነበሩ አልልዎትም፣ እትዬ። ቢደገም ምን እንደማደርግ አላውቅም።»

«እንድታውቅ አልጠበቅሁም» አልኩት። «ቢደገም ግን እዚያ ወንበር ላይ አትቀመጥ። ለማርጋሬት ንገራት፤ ሌላ ሰው ታስቀምጣለች።»

አሳንሰሩ ድረስ ሸኘኝ።

ማርጋሬት ጡረታ ወጣች፤ ተከትዬ እኔም ወጣሁ። ዳንኤል ሆስፒታል ውስጥ ቆየ፤ አሁን አዲስ የሚገቡትን እሱ ነው የሚያሠለጥነው። ከጊዜ በኋላ ወደ ስብሰባ ሥራ ሊመልሱት ሲጠይቁት ከምርጫና ከስደት ጉዳይ በቀር እሠራለሁ ብሏል። ምክንያቱን ጠይቀውት የቤተሰብ ጉዳይ ነው አለ፤ ተቀበሉት። ሥራም አላጣም።

ለሙያ ባልደረቦቼ የምለው ይህ ነው። የሚተረጎመው ነገር የራሳችሁን ሰው የሚነካ ከሆነ ሥራውን አትቀበሉ። ምክንያቱን ለአለቃ መናገር ያሳፍር ይሆናል፤ ቢሆንም አስቀድሞ መነገር አለበት። ማይክሮፎኑ ከተከፈተ በኋላ ግን ጊዜው አልፏል፤ የተባለውን በሙሉ ትናገራላችሁ፣ ጓደኛችሁ ካልተናገረም ታርማላችሁ።